ስራዬን ለቅቄ ሴቪያ ልሂድ ወይ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከጀርመን የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። ፍላሜንኮን ለማታውቁት፣ በደቡብ ስፔን፣ ሴቪያ በምትገኝበት በአንዳሉሲያ ያደገ የዘፈን፣ የጊታርና የጭፈራ ጥበብ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። 24 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት ሕፃን ሆኜ ስለሆነ ፓስፖርቴ የጀርመን ነው። ጥርስ ሐኪም ቤት ረዳት ሆኜ እሰራለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን ፍላሜንኮ ተምሬአለሁ። አስተማሪዬ ጎበዝ ነሽ ትለኛለች፣ ሰባት ኮሪዮግራፊ በቃሌ አውቃለሁ። አሁን ስራዬን ለቅቄ ሴቪያ ሄጄ ፕሮፌሽናል መሆን እፈልጋለሁ። እናቴ ‹ጭፈራ ለሰርግ ነው፣ እንጀራ አይሆንም› ብላ አኩርፋኛለች። እድሜዬ አልፏል? የት ልማር? በዚህ ስራ መኖርስ ይቻላል? ጥቁር ሆኜስ ይቀበሉኛል? እስክስታ ከልጅነቴ ጀምሮ እችላለሁ፣ እሱስ ይጠቅመኛል? — ት.»

ውድ ት.፣

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ስፔን ሂጂ። ስራሽን ግን ገና አትልቀቂ።

እድሜሽ አላሳሰበኝም። መልክሽም አላሳሰበኝም። ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያደረገኝ «ሰባት ኮሪዮግራፊ በቃሌ አውቃለሁ» ያልሽው ነው። ከስፔን ውጭ ፍላሜንኮ የሚማር ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ ስም ያለው ዳንሰኛ ከሴቪያ ይመጣል፣ ቅዳሜና እሁድ አንድ ኮሪዮግራፊ ያስተምራል፣ ተማሪው በስልኩ ይቀርጻል፣ ቤቱ ገብቶ ያጠናል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ይመዘገባል። ከዓመታት በኋላ ብዙ ጭፈራ ያውቃል። ዘፋኝ አጠገቡ ቆሞ ድምፁን ቢያወጣ ግን ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል።

ፕሮፌሽናሏ ማታ ማታ ምን እንደምትሰራ ልንገርሽ። ብዙዎቹ የፍላሜንኮ ዳንሰኞች ስራ የሚጀምሩት ታብላኦ ውስጥ ነው፤ ትንሽ የእንጨት መድረክ ያለው፣ ሰው እየበላና እየጠጣ የሚያይበት ቤት። ማድሪድ ውስጥ ያለው ኮራል ዴ ላ ሞሬሪያ ለምሳሌ ከ1956 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዳንሰኛዋ ትመጣለች። የዛሬውን ዘፋኝ ከዚህ በፊት አግኝታው ላታውቅ ትችላለች። ከመድረክ ጀርባ ትንሽ ያወራሉ። ምን ትጨፍሪያለሽ? ሶሌያ (ዝግ ያለና ከባድ የፍላሜንኮ ዓይነት ነው)። ስንት ሌትራ (የዘፈን አንጓ) ልዝፈንልሽ? ሁለት። ጊታሪስቱ ስለ ፍጥነቱ አንድ ነገር ይጠይቃል፣ በጭብጨባ ይለካካሉ፣ በቃ ይወጣሉ።

ከስፒከር የሚከፈት ሙዚቃ የለም። ዘፋኙ ስሜት ከመጣለት አንዱን ስንኝ ይጎትተዋል፤ አንቺ እስኪጨርስ ድረስ ሰውነትሽን ይዘሽ መጠበቅ አለብሽ። ሲጨርስ በእግርሽ ትመልሺለታለሽ። ዘፈኑ እንዲገባ የምትጠሪው አንቺ ነሽ፣ ያማዳ በሚሉት የእግር ጥሪ። ከዚያ ኤስኮቢያ ይመጣል፤ ዘፈኑ ዝም ብሎ እግር ብቻ የሚናገርበት ረጅም ክፍል ነው፣ ጊታሪስቱም መቼ እንደምትፈጥኚና መቼ እንደምትቆርጪ የሚያውቀው ከሰውነትሽ ስለሆነ ዓይኑን ካንቺ ላይ አይነቅልም። የምትጨፍሪው አሌግሪያስ ከሆነ ደግሞ መሀል ላይ ሲሌንሲዮ የሚባል ዝግ ያለ የጊታር ክፍል አለ። ቅርጹን ሁሉም ያውቀዋል። ርዝመቱና ስሜቱ ግን እዚያው ነው የሚወሰነው። አዝማሪ ቤት ገብተሽ ካየሽ ነገሩ አይጠፋሽም፤ አዝማሪው ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል፣ ተቀባዩም ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ ይቀበላል።

እና ሰባቱ ኮሪዮግራፊ እዚህ ምን ይሰራሉ? ትንሽ ነገር። ቃላት ይሰጡሻል፣ ንግግር አያስተምሩሽም። ዘፋኙ አንድ ትንፋሽ ቢያስረዝም ያጠናሽው ሁሉ ይፈርሳል።

ስለዚህ ሴቪያ ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። አስተማሪሽን «ያለ ኮሪዮግራፊ ለአንድ ሌትራ መጨፈር አስተምሪኝ» በያት። ከተቻለ እዚያው ጀርመን ያለ የፍላሜንኮ ዘፋኝ ፈልጉና ከፍላችሁም ቢሆን አንድ ከሰዓት በኋላ ያዙት። ጭብጨባም ተማሪ። ይሄንን ሰው ይንቀዋል። ታብላኦ ውስጥ ተራሽ እስኪደርስ ተቀምጠሽ ለሌሎቹ የምታጨበጭቢው አንቺ ነሽ፣ ምቱን የሳተ ሰው ደግሞ ወዲያው ይታወቃል። የሶሌያ ዙር 12 ምት አለው፤ ክብደቱ የሚያርፈው 3፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ላይ ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ቡሌሪያስ በሚባለው ፈጣን ዓይነት ላይ ግን ያው ዙር በሚያስደነግጥ ፍጥነት ይመጣል፣ አጨብጫቢዎቹም ከምቱ ውጭ ባለው ክፍተት እየገቡ ያምታቱሻል፣ ያኔ በቁጥር የምታስቢበት ጊዜ የለሽም።

እዚህ ላይ እስክስታሽ ይጠቅምሻል። ችክችካው በስድስት የሚቆጠር ስለሆነ ጆሮሽ የሶስትና የሁለት መቀያየርን ከልጅነቱ ለምዶታል። 12ቱን ከ12 ጀምረሽ ብትቆጥሪ ሁለት ባለ ሶስት ከዚያ ሶስት ባለ ሁለት ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ በአራት በአራት ብቻ እየቆጠረ ካደገ ሰው ይልቅ አንቺ ቶሎ የምትይዢው ይመስለኛል። ትከሻሽ ግን ያስቸግርሻል። የፍላሜንኮ ትከሻ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ እንቅስቃሴው ከጀርባ ተነስቶ በክንድ በኩል እስከ ጣት ነው የሚሄደው። ደስ ሲልሽ ትከሻሽ በራሱ ጊዜ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አስተማሪዎቹ ይጮኹብሻል። ቻይው።

አሁን ወደ እድሜ። እውነቱን ስሚ። ስፔን ውስጥ መንግስታዊ የዳንስ ኮንሰርቫቶሪ አለ። ልጆች 8 ዓመታቸው አካባቢ ይገባሉ፣ 4 ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ ነው፣ ቀጥሎ 6 ዓመት የሙያ ደረጃ፣ የፈለገ ደግሞ 4 ዓመት ከፍተኛ ትምህርት ይጨምራል። የፍላሜንኮ ዳንስ በሙያ ደረጃው ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ነው። ስለዚህ በዚያ መንገድ ያለፈች የ18 ዓመት ልጅ ከኋላዋ አስር ዓመት አላት፣ ባሌትም ጭምር። የስፔን ብሔራዊ ባሌት፣ በ1978 የተቋቋመውና አንቶኒዮ ጋዴስ መጀመሪያ የመራው፣ የሚፈልገው እንደዚህ ዓይነት ሰው ነው፤ ፍላሜንኮ ብቻ አይበቃውም፣ የስፔን ክላሲክ ዳንሶችንም ሁሉ መቻል አለብሽ። ይህን በር እርሺው። በ1994 የተመሰረተው የአንዳሉሲያ ፍላሜንኮ ባሌትም ፈተና የሚያወዳድርሽ ከነዚሁ ልጆች ጋር ነው።

ግን ፍላሜንኮ ከባሌት በአንድ ነገር ይለያል። እድሜን አይጠላም። 50 ዓመት ያለፋት ሴት ሶሌያ ስትጨፍር «አረጀች» የሚላት የለም፣ እንዲያውም ሶሌያ ለወጣት ይከብዳል የሚሉ ብዙ ናቸው። ዘግይቶ የመጣም አለ። ጃፓናዊው ሾጂ ኮጂማ በ1939 ነው የተወለደው፣ ስፔን የገባው በ1966። 27 ዓመት አካባቢ መሆኑ ነው። ሙዚቃ ተምሮ የመጣ ሰው መሆኑን ግን አትርሺ፣ ጆሮው ዝግጁ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ከታላላቆቹ አንዷ ኤቫ ዬርባቡዌና የተወለደችው አንቺ ባለሽበት ፍራንክፈርት ነው፣ በ1970፣ ወላጆቿ ለስራ ከስፔን ሄደው ሳለ። ግን ወዲያው ግራናዳ ተመልሳ ነው ያደገችው፣ ስለዚህ እንደ ምልክት እንዳትቆጥሪው። ለጨዋታ ያህል ነው ያነሳሁት።

የት ልማር ላልሽው፣ ሴቪያ ያልሽው ጥሩ ነው። በ1993 የተመሰረተ የክሪስቲና ሄረን ፋውንዴሽን የሚባል ትምህርት ቤት እዚያ አለ፤ ጭፈራ፣ ዘፈንና ጊታር አንድ ጣሪያ ስር ያስተምራል። ላንቺ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው፣ ዘፈን ተማሪውና ጊታር ተማሪው አጠገብሽ ናቸው። ከዚህ ውጭ ሴቪያ በግል ዳንሰኞች የተከፈቱ ስቱዲዮዎች ሞልተውባታል፣ በወር ከፍለሽ ትገቢያለሽ። ማድሪድ ደግሞ አሞር ዴ ዲዮስ የሚባል የፍላሜንኮ ማስተማሪያ ቤት አለ፣ አንቶን ማርቲን ገበያ ላይኛው ፎቅ ላይ። ከታች አሳና አትክልት ይሸጣል፣ ከላይ እግር ይደበደባል። እዚያ ዳንሰኞቹ ራሳቸው በየሰዓቱ ክፍል ይዘው ያስተምራሉ፣ አንቺ የምትፈልጊውን አስተማሪ መርጠሽ ትገቢያለሽ። ማድሪድ ታብላኦ ስለሚበዛባት ስራም የሚገኘው እዚያ ይበልጣል። ስለዚህ የኔ ሀሳብ ለመማር ሴቪያ፣ ስራ ለመፈለግ ማድሪድ ነው።

ከክፍል ውጭ ግን ፔኛ አትቅሪ። ፔኛ የፍላሜንኮ ወዳጆች ማህበር ነው፤ ግራናዳ ያለው ላ ፕላቴሪያ ከ1949 ጀምሮ አለ። እዚያ የሚከበረው ዘፈኑ ነው፣ ሰዉም አብዛኛው ሽማግሌ ነው፣ አንዳንዴ ማታው ሙሉ አንድም ሰው ሳይጨፍር ያልቃል። ስልችት ሊልሽ ይችላል። ቢሆንም ቁጭ ብለሽ ስሚ። ስፓኒሽም ተማሪ፣ የደቡቡን አነጋገር ጨምረሽ። የሚዘፈንልሽ ስለ ሞተች እናት ይሁን ስለ ዶሮ ሳታውቂ ፊትሽን አጨማደሽ ብትጨፍሪ ያስቃል።

ገንዘብ። እዚህ ላይ እናትሽ ከሞላ ጎደል ትክክል ናቸው።

ታብላኦ የሚከፍለው በማታ ነው። ስራው ቱሪስት ይከተላል፤ በአውሮፓ ፀደይ ይሞላል፣ ጥር ላይ ይቀዘቅዛል። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሁሉም ተዘጋ፣ ማድሪድ ውስጥ ታዋቂ የነበረው ካሳ ፓታስም ያኔ እስከ ወዲያኛው ዘጋ። ዳንሰኞቹ በአንድ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ስራ ስታገኚ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ስንት ትከፍላለህ» ሳይሆን «የሰራሁበትን ቀን ማህበራዊ ዋስትና ታስመዘግባለህ ወይ» የሚለው ይሁን። ስፔን ውስጥ የመድረክ ሰው ልዩ የስራ ውል ድንጋጌ ያለው ከ1985 ጀምሮ ነው። ያለ ውል በእጅ የሚሰጥም ግን አይጠፋም፣ ጉልበትሽ የታመመ ቀን ያኔ ይገባሻል።

ጉልበት ስል እየቀለድኩ አይደለም። ጫማው ጫፉና ተረከዙ ላይ ምስማር የተመታበት ነው፣ ጥሩው ጥንድ ከ150 ዩሮ በላይ ይሄዳል፣ በየቀኑ ለሚሰራ ሰው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ሰዓታት ሙሉ እንጨት ስትደበድቢ እግርሽ፣ ጉልበትሽና ወገብሽ ይቀበሉታል። ፊዚዮቴራፒ የወጪሽ አካል ነው። ባለ ረጅም ጅራቱ ቀሚስ፣ ባታ ዴ ኮላ፣ ራሱን የቻለ ትምህርትም ወጪም ነው፤ ጅራቱን በእግርሽ እየመታሽ ማዞር አለብሽ፣ ክብደቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ለልምምድ የአዳራሽ ኪራይ አለ። ለጊታሪስትና ለዘፋኝ ክፍያ አለ። ይሄ ሁሉ ከማታዋ ገንዘብ ላይ ነው የሚወጣው።

ከታብላኦ በላይ ያለው ዓለም፣ ማለትም የራስ ኩባንያ፣ የራስ ስራ፣ ከ1980 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው ትልቁ የፍላሜንኮ ፌስቲቫል የሴቪያ ቢኤናል፣ የለንደን መድረክ፣ ለጥቂቶች ነው። ዳንሰኛዋ ሮሲዮ ሞሊና በ1984 ተወልዳ የስፔንን ብሔራዊ የዳንስ ሽልማት በ2010 ወሰደች። እሷን አይተሽ ማለም ትችያለሽ፣ የቤት ኪራይ ግን በእሷ አታስቢ።

አብዛኛውን ዳንሰኛ የሚያኖረው ማስተማር ነው። ይሄንን እንደ ውርደት የሚያዩ አሉ፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ከስፔን ውጭ ተማሪው ብዙ ነው፤ ጃፓን ውስጥ የፍላሜንኮ ትምህርት ቤት ሞልቷል፣ አሜሪካ አልበከርኪ በየዓመቱ ትልቅ ፌስቲቫል አለ፣ ጀርመንም ራስሽ እንደምታውቂው አንሶ አያውቅም። ዘፋኝ አጠገቡ ሲቆም ተማሪውን ምን እንደሚያደርግ ማስተማር የምትችል፣ ጀርመንኛ የምትናገር አስተማሪ ፍራንክፈርት ላይ ስራ የምታጣ አይመስለኝም። የኮሪዮግራፊ ሻጭ በዝቷል፣ እንዲህ ዓይነቷ ግን ጥቂት ናት። ለኔ ካንቺ ጋር በጣም የሚሄደው መንገድ ይሄ ነው፤ ስፔን ተምረሽ፣ ማድሪድ ወይም ሴቪያ መድረክ ላይ የምትችይውን ያህል ሰርተሽ፣ ከዚያ አንድ እግርሽን እዚያ አንዱን እዚህ አድርገሽ መኖር።

የጥርስ ሐኪም ረዳትነትሽን እስከዚያ አትጣይው። በግማሽ ቀን መስራት የሚቻልበት፣ ሲፈልጉ ተመልሰው የሚገቡበት ሙያ ነው። የጀርመን ፓስፖርት ስላለሽ ስፔን ለመኖርም ለመስራትም ቪዛ አያስፈልግሽም፤ ከሶስት ወር በላይ ከቆየሽ ግን ትመዘገቢያለሽ። (ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ የናንተ ነገር የተማሪ ቪዛና የባንክ ሂሳብ ስለሚጠይቅ ሌላ ቀን ለብቻው እመለስበታለሁ።)

ጥቁር በመሆኔ ይቀበሉኛል ወይ ላልሽው፣ ዪንካ ኤሲ ግሬቭስን ፈልገሽ እያት። ዘሯ ከጋናና ከጃማይካ የሆነ እንግሊዛዊት ናት፣ የፍላሜንኮ ዳንሰኛ ናት፣ ሴቪያን መሰረት አድርጋ የራሷን ስራዎች ትሰራለች፣ በፍላሜንኮ ውስጥ የተረሳውን የአፍሪካውያን አሻራም መድረክ ላይ አውጥታዋለች። ታሪኩ እውነት ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሴቪያ በባርነት የመጡ ብዙ አፍሪካውያን የሚኖሩባት ከተማ ነበረች። ስለዚህ ጥቁር ሰው እዚያ ሲጨፍር አዲስ ነገር አይደለም፣ ምንም እንኳ አንዳንዱ እንደ አዲስ ቢያይሽም።

ሁሉም ሰው እጁን ዘርግቶ ይቀበልሻል ብዬ ግን አልዋሽሽም። በ2024 ጃፓናዊቷ ጁንኮ ሀጊዋራ ላ ኡኒዮን በምትባል የስፔን ከተማ በሚካሄደው ትልቁ የፍላሜንኮ ውድድር የዳንስ ሽልማቱን ወሰደች። ሴቪያ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረች ሴት ናት። ውጤቱ ሲነገር ከተመልካቹ መሀል የጮኸባት ነበር። ሽልማቱን ግን ዳኞቹ ሰጧት፣ እሷም ይዛው ሄደች። አንዳንድ የታብላኦ ባለቤትም ለቱሪስት የሚሸጠው የተለመደ መልክ ስላለ አይቶ ያልፍሻል። ይሄ ይከፋሻል፣ ሊከፋሽም ይገባል። ሙዚቀኞቹ ግን ባብዛኛው የሚያዩት ሌላ ነገር ነው፣ ምቱ ላይ ነሽ ወይስ አይደለሽም።

አንድ ነገር ደግሞ ካንቺ በኩል። ይህ ጥበብ በሂታኖዎች (በስፔን ሮማዎች) እና በድሃው የአንዳሉሲያ ሕዝብ መሀል ያደገ ነው። እንደ ዳንሰኛው ፋሩኪቶ ያሉት ጭፈራውን ከአያታቸው፣ ከእናታቸው፣ ከቤታቸው ነው የወሰዱት። አንቺ ከፍለሽ የምትማሪው ነገር ለነሱ ቤተሰብ ነው። ሄሬዝ በምትባለው የአንዳሉሲያ ከተማ ወይም ሴቪያ ላይ አንድ ቤት ከተጋበዝሽ መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ አጨብጭቢ። ተነሺ ካሉሽ ተነሺ፣ አጭር አድርጊው። ሰባቱን ኮሪዮግራፊ እዚያ እንዳታወጪ አደራ።

እናትሽን በተመለከተ፣ «ሕልሜ ነው» ብለሽ አትከራከሪያቸው፣ በዚያ አይረቱም። በቁጥር አናግሪያቸው። ለአንድ ዓመት ኪራይ፣ ምግብና ትምህርት የሚበቃ ገንዘብ መቼ እንደምትጨርሺ፣ በዚያ ዓመት ከጭፈራ አንድ ሳንቲም እንደማትጠብቂ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ወዴት እንደምትመለሺ ጻፊላቸው። ምናልባት አሁንም ያኮርፉ ይሆናል። ግን የሚያኮርፉት በእቅድ ላይ ይሆናል፣ በእብደት ላይ አይደለም።

የመጀመሪያው እርምጃ ግን ሴቪያ አይደለም፣ ሄሬዝ ነው። ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች መጀመሪያ የሄሬዝ የፍላሜንኮ ፌስቲቫል አለ። ማታ ትርኢት፣ ቀን ደግሞ ኮርስ፣ ከዓለም ዙሪያ ተማሪ ይመጣል። የዓመት ፈቃድሽን ለዚያ አውጪ። አንድ ሳምንት በየቀኑ ሰዓታት ስትሰሪ ሰውነትሽ ይችለው እንደሆነ፣ ከሌሎቹ አንጻር የት እንዳለሽም ታያለሽ። ኮርሶቹ በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው፣ ታዋቂ አስተማሪ ያለበት ደግሞ ቶሎ ይሞላልና ምዝገባው እንደተከፈተ ግቢ። አስተማሪሽ ምንም ብትልሽ የፕሮፌሽናል ደረጃ የሚለውን አትምረጪ፣ መካከለኛውን ውሰጂ። ከተቻለሽ ደግሞ የጭብጨባና የኮምፓስ (የምት ዙር) ኮርስ ጨምሪበት።